የጥልማ መንታ ገንቦዎች

በዚያ ዓመት ጮራው ሳይበራ መሸ።

በጎርዛ መንግሥት፣ ከዋዝ ተራራ ግርጌ ባለችው በጥልማ መንደር፣ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ነበር። ጮራ የሚባለው እህል ቀን ቀን እንደ ማሽላ ቆሞ ይውላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ዛላው ከውስጥ ይበራል። የጥልማ ሰዎች በእርሱ ብርሃን ከብት ያስገባሉ፤ ሙሽራ ይሸኛሉ። በዚያ ምሽት ማሳው ከዳር እስከ ዳር ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌዎቹ አንድ ዛላ ቆርጠው በመዳፋቸው አሹት። ፍሬው ደህና ነበር፤ ነቀዝም ውርጭም አልነካውም።

«ጮራ የሚጨልመው ጌታው ሊለወጥ ሲል ነው» አሉ አንጋፋው። «አንድ ሰው ዘራችንን ለሌላ እጅ ሊሰጥ ቃል ገብቷል።»

እውነቱ በማግስቱ ከነጋዴዎች ጋር ደረሰ። ከባሕር ማዶ ያለው የናርቢስ መንግሥት ከጎርዛ ጋር የንግድ ውል ሊገባ ነው። ናርቢስ የጎርዛን ጮራ በሙሉ ይገዛል፤ በምትኩ ብረትና መስተዋት ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ የሚያስከፋ አልነበረም። የውሉ መጨረሻ ግን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ገበሬ ከራሱ አዝመራ ዘር ማስቀረት አይችልም ይላል። ዘር የሚገኘው ከናርቢስ መርከቦች ብቻ፣ በናርቢስ ዋጋ ይሆናል።

ውሉን የሚያጸድቀው በዋዝ ተራራ ጫፍ የሚቀመጠው ሸንጎ ነው። እያንዳንዱ መንደር ለሸንጎው አንድ ባለድምፅ ይልካል፤ ምርጫውም በገንቦ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ከአንድ ጭቃ ሁለት መንታ ገንቦዎች ትሠራለች። መራጮች ተራ በተራ ቀርበው ስማቸውንና የእናታቸውን ስም በሁለቱም አፍ ውስጥ ይናገራሉ፤ ከዚያ ገንቦዎቹ በሰም ይታሸጋሉ። አንዱን ባለድምፁ ይዞት ይወጣል፤ ሌላው በመንደሩ ይቀራል። በሸንጎ ፊት አቋሙን መናገር የሚፈልግ ባለድምፅ ገንቦውን ይከፍታል፤ የመራጮቹ ድምፅም ከቃሉ ጋር አብሮ ይወጣል። የተከፈተ ገንቦ ግን ባዶ ነው። የከፈተው ሰው ወደ መንደሩ ተመልሶ፣ ምን እንደተናገረና ለምን እንደተናገረ አስረድቶ፣ እንደገና መመረጥ አለበት።

ስለዚህ ማንም አይከፍትም ነበር። ገንቦው እስከታሸገ ድረስ ወንበሩ የባለድምፁ ነው። በሸንጎው ሕግ ደግሞ ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

አዝሚት የጥልማ ገንቦ ጠባቂ ነበረች። ሥራዋ አቧራውን መጥረግና ሰሙን ከፀሐይ መከለል ነው። ሥራውን ለምን እንደምትወደው ለማንም አልተናገረችም። እናቷ ልምላሜ ከምርጫው ቀጥሎ በመጣው ክረምት ሞታለች። አዝሚት ጆሮዋን ከገንቦው ሆድ ላይ ስትለጥፍ፣ ከብዙ ድምፆች መካከል አንዱ ይለይላት ነበር፦ «ልምላሜ፣ የሙዚት ልጅ።» ትንሽ ሳል የቀላቀለ፣ ሊስቅ የደረሰ ድምፅ። ገንቦው ያለበትን ቤት ዘግታ ከመውጣቷ በፊት ሁልጊዜ ትሰማዋለች።

መንደሩ ለምክር ሲሰበሰብ መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር።

«ባለድምፃችን ጥዑም ይናገርልን» አለ አንድ ገበሬ።

«ጥዑም?» አለች እትዬ ሙራ፣ ገንቦዎቹን የሠራችው ሸክላ ሠሪ። «ጥዑምን የመረጥነው እኮ ሰው ስለማያስቀይም ነው! ሁለት ሰዎች ተደባድበው ቢመጡበት ‹ሁለታችሁም ልክ ናችሁ› ብሎ የሚሸኝ ሰው ነው። አሁን ተራራ ወጥተን ‹ጥዑምዬ፣ በሞቴ አስቀይም› ልንለው ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ያንን ሰው የመረጡት እነርሱ ነበሩ።

አዝሚት ተነሣች። በስብሰባ ተናግራ ስለማታውቅ ሰዎቹ ውኃ ልትጠጣ የተነሣች መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። እርሷ ግን ወደ ገንቦው ሄዳ እጇን በሰሙ ላይ አኖረች።

«በዚህ ውስጥ ስማቸው ባለ ሁሉ እምላለሁ፤ በሕይወት ባሉትም፣ በሌሉትም። ወደ ዋዝ ተራራ እወጣለሁ። ባለድምፃችን ተነሥቶ አቋሙን በገዛ አፉ እስኪናገር ድረስ ወደ ጥልማ አልመለስም። እኛ ምን እንደምንል እነግረዋለሁ። የእርሱ ቃል የእርሱ ነው። ዝምታው ግን የእርሱ ብቻ አይደለም።»

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አለች እትዬ ሙራ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «የላክንሽ እኛ መሆናችን እንዲታወቅ ገንቦውን ትይዣለሽ። መንገድ ላይ ብትጥዪው ማን ይጠግነዋል?»

በማለዳ ወጡ። ገንቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ በአዝሚት ጀርባ ላይ ታዝሏል። በመንገድ ላይ እትዬ ሙራ ስለ መንታዎቹ ብዙ አወራች። «አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ቢሰበር ሌላው ይጮኻል ትል ነበር እናቴ። ድምፁ ግን ከተሰበረው ይጠፋል፤ የፈሰሰ ድምፅ አይታፈስም። ሞክሬው አላውቅም፤ ደግሞስ ማን ይሞክረዋል?»

አዝሚት የገንቦውን ማሰሪያ ጠበቅ አደረገችው።

ከተራራው ሥር የቀራብ መንደር አለች። ምድሯ ድንጋይ ብቻ ነው። በድልድዩ ላይ አንድ ወጣት አንጥረኛ መዶሻ ይዞ ቆሞ ጠበቃቸው። ስሙ ባርዛን ይባላል።

«የጥልማ ሰዎች! ብረታችንን ልታስቀሩብን ነው አሉ።»

«ዘራችንን ልናስቀር ነው» አለች አዝሚት።

«እናንተማ ምን ቸገራችሁ፣ አፈር አላችሁ! የእኛን ድንጋይ አይተሽዋል? አንዱን ማረሻ እያቀለጥሁ ለጎረቤቱ ማረሻ የምሠራ አንጥረኛ ነኝ እኮ። እናቶቻችን ድንጋይ በእጃቸው እየለቀሙ ጎበጡ። ውሉ ከጸደቀ ብረት በመርከብ ይመጣል።»

አዝሚት እጆቹን አየች። በጠባሳ የተሞሉ ነበሩ። ልትመልስለት ያሰበችው ቁጣ ከአፏ አልወጣም።

«ባለድምፃችሁ ስለ ብረቱ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችው።

ባርዛን መዶሻውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «ምንም አላሉም። ግን ይጸድቃል፤ ማንም አይናገርም።»

«ማንም ካልተናገረ፣ ናርቢስ የዛገ ስባሪ ቢልክላችሁ ‹የተባባልነው ይህ አይደለም› የሚል ማን ነው?»

 አንጥረኛው መዶሻውን በትከሻው ላይ ጣለ።

«አብሬያችሁ እወጣለሁ። እወቂው ግን፣ የእኔን ባለድምፅ ‹እሺ በሉ› ነው የምላቸው።»

«ይበሉ» አለች አዝሚት። «ብቻ ይበሉ።»

«ድንቅ ነው!» አለች እትዬ ሙራ። «አንዷ እንቢ በሉ ልትል፣ አንዱ እሺ በሉ ሊል፤ እኔ ስንቅ ተሸክሜ በመካከል!»

የዋዝ ተራራ ለሰው እግር የሚራራ አልነበረም። ነፋሱ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ልብሳቸውን ይጎትት ነበር፤ መንገዱም በየቦታው ተንዶ ገደሉ አፉን ከፍቷል። እትዬ ሙራ መራመድ ሲያቅታት ባርዛን አዘላት። «ቀስ በል፣ ብረት አይደለሁም» ትለዋለች። «ብረት ብትሆኚማ እየሮጥሁ ወደ ቤቴ እወስድሽ ነበር፣ እትዬ» ይላታል። አንድ ጊዜ አዝሚትን እግሯን አዳለጣት። ባርዛን እጇን ይዞ ሲጎትታት፣ ሌላው እጇ በገንቦው ማሰሪያ ላይ ነበር።

ከፍ ባሉ ቁጥር ድምፃቸው እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ያን ጊዜ ድምፅ የሚውጠው ሁርሙ መቅረቡን አወቁ።

ሁርሙ ከዱር የመጣ አውሬ አልነበረም። በሸንጎው ሳይነገሩ ከቀሩ ቃላት የተወለደ፣ ከዓመት ዓመት ዝምታ እየበላ ኮረብታ ያከለ ፍጡር ነው። ቆዳው እንደ አመድ ነው፤ ዓይን የለውም። ጆሮዎቹን ወደ ሸለቆው አዙሮ በሸንጎው ደጃፍ ተጋድሟል፤ ከታች የሚመጣውን የመራጮች ድምፅ ሁሉ ይውጣል። ከጀርባው በተከፈተው ሰፊ በር ሸንጎው ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ባለድምፆቹ በድንጋይ ወንበሮቻቸው ተቀምጠዋል፤ የእያንዳንዳቸው ገንቦ ከራሳቸው በላይ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል። የውሉ ብራና በመካከል ተዘርግቷል። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው የቀትር ብርሃን በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ብራናው ተጠግቷል። ብርሃኑ ሲነካው ውሉ ይጸድቃል። ጥዑም እጆቹን በጉልበቱ ላይ አጣጥፎ፣ ማንንም እንደማያስቀይም ሰው ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

አዝሚት በሙሉ ጉልበቷ ስሙን ጠራችው። ምንም አልተሰማም። ባርዛን ዘሎ መዶሻውን በአውሬው ጎን ላይ አሳረፈ። መዶሻው ድንጋይ ጭቃ ውስጥ እንደሚገባ ሰጥሞ ቀረ። ሁርሙ ሳይቸኩል እግሩን አንሥቶ በአንጥረኛው እግር ላይ ጫነው። ባርዛን ጮኸ፤ ጩኸቱም ተዋጠ።

ብርሃኑ የብራናውን ጠርዝ ሊነካ ደርሷል። እትዬ ሙራ ወደ አዝሚት ጀርባ ጠቆመች፤ ወዲያው ግን እጇን መለሰችና ፊቷን አዞረች። በገንቦው ውስጥ የማን ድምፅ እንዳለ ታውቃለች።

አዝሚት ገንቦውን ፈታች። ለመጨረሻ ጊዜ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ሁርሙ ያንን እንኳ ወስዶባታል፤ ገንቦው ዲዳ ነበር። ግንባሯን በሰሙ ላይ አስነካችና፣ ከፍ አድርጋ አንሥታ ከቋጥኙ ጋር አጋጨችው።

ገንቦው ያለ ድምፅ ተሰበረ። በሸንጎው ውስጥ ግን፣ ከጥዑም ራስ በላይ ያለው መንታው ጮኸ። ጩኸቱ አንድ መንደር በአንድ ጊዜ ስም የሚጠራ ያህል ነበር። ሁርሙ ከተወለደ ጀምሮ ድምፅ ከጀርባው መጥቶበት አያውቅም፤ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ፤ ጆሮዎቹም ተጣጠፉ።

ጥዑም ተነሥቶ ወደ በሩ ተመለከተ። አዝሚት በስብርባሪው መካከል ተንበርክካለች።

የናርቢስ መልእክተኛ ቬርካን በትሕትና ጎንበስ አለ። «ክቡር ባለድምፅ፣ ይቀመጡ እንጂ። ብርሃኑ ሊደርስ ነው። ሁላችንም ወዳጆች ነን።»

«ነን» አለ ጥዑም። «በሕይወቴ ሰው አስቀይሜ አላውቅም። የተመረጥሁት ለዚህ ነው፤ ስኮራበትም ኖሬአለሁ። ዛሬ ዝም ብል ግን የማስቀይመው በዚህ ገንቦ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ነው።» ገንቦውን አወረደ። «እኔ የጥልማ ባለድምፅ ጥዑም እንዲህ እላለሁ። ብረታችሁን እንግዛ። ጮራችንን ግዙ። ዘራችንን ግን አንሰጥም! ይህ ውል እንዲህ እንደተጻፈ በእኔ ዝምታ አይጸድቅም። ነገ ወደ ጥልማ ወርጄ ስለዚህ ቃል እጠየቃለሁ።»

ሰሙን በጥፍሩ ፈለቀቀው።

ስሞቹ ወጡ። የገበሬዎች ስም፣ የሸማኔዎች ስም፣ የእትዬ ሙራ ስም፣ እየተጋፉ ሸንጎውን ሞሉት። በመካከላቸው አንድ ድምፅ፣ ትንሽ ሳል የቀላቀለ፣ ሊስቅ የደረሰ፣ ከፍ ብሎ ተሰማ፦

«ልምላሜ፣ የሙዚት ልጅ!»

አዝሚት ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በጣሪያው ቀዳዳ ወደ ሰማይ ወጣ።

«ባለድምፅ ዋርኪት!» ሲል ጮኸ ባርዛን ከደጃፉ፤ አሁን ጩኸቱ ይሰማ ነበር። «እርስዎስ? ቀራብስ?»

አንዲት ሽበታም ሴት እንደ ወጣት ዘልለው ተነሡ። «ቀራብ ብረት ትፈልጋለች! ውሉ ይጽደቅ እላለሁ! ብረቱም ደህና ብረት ይሁን!» ብለው ገንቦአቸውን ከፈቱ። ከእርሳቸው በኋላ ማንም መቀመጥ አልቻለም። አንዱ እሺ አለ፤ ሌላዋ እንቢ አለች። ሰሙ እየተፈለቀቀ የጎርዛ ስም በሙሉ በአዳራሹ ተጠራ። በእያንዳንዱ ስም ሁርሙ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ ድመት አክሎ ከወንበር ሥር ሾለከ፤ እትዬ ሙራ በጫማዋ ገፋ አደረገችውና «ሂድ ወዲያ» አለችው።

እንቢታው በለጠ። ቬርካን ብራናውን ብርሃኑ ሳይነካው ጠቀለለ።

«ብዙ ሸንጎ አይቻለሁ» አለ። «ሁሉም በፈገግታ ይሸኙኛል። መልስ ይዤ ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለንጉሤ እንደሰማሁት እነግረዋለሁ።» የጎነበሰው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ነበር።

ባርዛን በበሩ ተደግፎ እግሩን ያሻል። «እግሬን ሰጥቼ ብረት ሳላገኝ ልመለስ ነው» አለ።

«ትቆጣለህ?» አለችው አዝሚት።

«እቆጣለሁ። ግን ባለድምፄ ሲናገሩ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ አላቸው ብዬ አላሰብሁም ነበር።»

ናርቢስ በቀጣዩ ዓመት ስለ ዘር የማይናገር ሌላ ውል ላከ። ብረቱ መጀመሪያ ከታሰበው ያነሰ ነበር፤ ባርዛንም እያነከሰ ለጎረቤቶቹ አካፈለው።

ጥልማ ግን ያን ያህል አልጠበቀችም። አዝሚትና እትዬ ሙራ ከጥዑም ጋር በወረዱበት ምሽት ማሳው ከዳር እስከ ዳር በራ። ጥዑም በዚያው ብርሃን መካከል ቆሞ ስለተናገረው ሁሉ ተጠየቀ። አንዳንዶች «ብረቱንም ለምን እሺ አልህ?» ብለው ተቆጡት። ላብ አጠመቀው፤ ግን ለሁሉም መለሰ፤ ማንንም «ልክ ነህ» ብሎ አልሸነገለም።

እትዬ ሙራ አዲስ መንታ ገንቦዎች ሠርታ በአደባባዩ አኖረች። ሰልፉ ረጅም ነበር። አዝሚት ተራዋ ሲደርስ ከንፈሯን ወደ አዲሱ ሸክላ አስጠጋች። ጭቃው ገና የእሳት ሽታ አለው፤ ውስጡ ባዶና ጸጥ ያለ ነበር።

ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ሳል ቀደማት፤ ሳቋም መጣ።

«አዝሚት» አለች፣ «የልምላሜ ልጅ።»