ከቀለሙ በላይ የታሰረው ሽቦ

«እናቴ፣ መብራቱ ራሱ ነው የጠፋው ወይስ ሰው ነው ያጠፋው?»

ብላ ነበር ጠዋት መርማሪዋ እናትየውን ስለ መጋዘኑ መብራት የጠየቀቻት። መርማሪዋ ወደ መጋዘኑ ስትመለስ እናትየው ደጃፉ ላይ ካለው በርሜል ላይ ዘፍ አለች። ወንድሟ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። እሱ፣ ልጇና የሴት ልጇ ባል ከአሮጌ የነዳጅ ታንክ ሰርጓጅ መርከብ እየሠሩ ነበር። ባትሪው ኃይል ሲሞላ ወንድሟ ሞተሩን ነካ፤ ኤሌክትሪክ ገደለው። ልጇ ደግሞ ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እናትየው ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብላ ሰግታለች።

መርማሪዋ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። እያቃሰተች በጠባቡ አፍ ወደ መርከቡ ሆድ ገባች።

«ይህን የጎማ መጋጠሚያ ማን ገጠመው?»

«እኔ» አለ ልጅየው። ሥራው ብየዳ ነው። «ሞተሩን መርከቡን ከሚገፋው ፕሮፔለር ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት ነበር፤ ሲዞር ንዝረቱ ጥርስ ያረግፋል። አጎቴ ‹ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም› ብሎ ጮኸብኝ።»

«ይኸው!» አለ አማቹ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «ብረቱ ቢኖር ከሞተሩ ያፈተለከው ኤሌክትሪክ በመርከቡ ቅርፊት በኩል መሬት ይገባ፣ ኃይሉን የሚቆርጠው ማቋረጫም ይወድቅ ነበር። እኔማ ሞተሩንና ቅርፊቱን በሽቦ አያይዤ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው!»

«ውስጡን ማን ቀባው?»

«እኔ፣ ትናንት» አለ ልጅየው።

«እሱ ሲቀባ አጠገቡ የቆመም ከቀለሙ አይተርፍም» አለች እህቱ፣ የአማቹ ሚስት። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ እጇን እየጠረገች ወጣችና ሁሉንም ሰበሰበች።

«ሽቦው በቦታው ቢኖር ኖሮ የብረቱን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ማቋረጫውም ይወድቅ ነበር። እናቴ፣ መጋዘኑ መስኮት የለውም። ሮጠው ሲገቡ የወንድምዎን ፊት በምን አዩት?»

እናትየው ሴት ልጇን አየቻት።

«በአምፖሉ» አለች። «ይበራ ነበር። ከዚያ ነው የጠፋው።»

«አምፖሉ የሚበራው በዚያው ማቋረጫ ነው፤ እንግዲያው ማቋረጫው አልወደቀም፣ መብራቱ በኋላ በእጅ ነው የጠፋው። ሲሞቱ ሽቦውም አልነበረም። ብሎኑን ፈትቼ አየሁት፤ ከሽቦው ሥር የትናንቱ ቀለም ድፍን ብሎ ተቀብቷል፤ ሽቦው ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። እንዲህ የሚቀባ ሰው ሽቦውን አይምርም። የታሰረው ከሞቱ በኋላ ነው። መብራቱን ያጠፋው ማነው?»

አማቹ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ቅርፊቱን ዝገት እየበላው ነበር» አለ። «በዚያ ሽቦ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው ብዬ ፈታሁት። ባትሪው ከመሞላቱ በፊት እመልሰዋለሁ ብዬ... ረሳሁት። ማቋረጫው የወደቀ እንዲመስል መብራቱን አጥፍቼ፣ እናንተ እሱን ከመርከቡ ካወጣችሁት በኋላ ገብቼ አሰርኩት።»

«እኔ ልታሰርልህ?» አለ ልጅየው። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«እማ፣ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?» አለች ሴት ልጇ።

አማቹ በፖሊስ መኪና ሄደ። ሚስቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለችው። ልጅየው ከእናቱ ጋር ቀረ።