የሃያ ስምንተኛው ቀን ኪዩቦች

ፔርሙሱን መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አጠገቧ ጋዜጣ የዘረጋው ሰውዬ ቀና አላለም።

«ሌላ ናሙና አለሽ?»

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። እንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

የምስጢር ስሟ «ማገር» ነው። ድልድዩ ሥራ ላይ የሚያውቋት ግን የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆና ነው። ለመንግሥት ደኅንነት መልምሎ ስለላን ያስተማራት ጋሼ ነው፤ ማን እንደሆነችም ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፔርሙሱ ውስጥ ሻይ አልነበረም። ከአዲሱ ምሰሶ በድብቅ ተሰርስሮ የወጣ፣ በጥፍር ሲጭሩት የሚፈረፈር ኮንክሪት ነበር።

ጦርነቱ ያፈረሳቸውን ድልድዮች መንግሥትና አንድ ኩባንያ በሽርክና ይሠራሉ። ኩባንያው ገንብቶ ለሠላሳ ዓመት ከአላፊ አግዳሚው መኪና ያስከፍላል። ባለቤቱን ሠራተኞቹ ሲያሾፉበት «አሻጋሪው» ይሉታል። የመጀመሪያው ድልድዩ በተመረቀ በአራተኛው ወር አሥራ አንድ ሰው ይዞ ወንዝ ገባ። አንዱ የማገር ታላቅ ወንድም ነበር። ጥፋቱ የጎርፉ ነው ተባለ። ማገር ግን ከጎርፍ ጋር ጠብ የላትም።

በማግስቱ ጠዋት አሻጋሪው ቢሮው አስጠራት።

ፔርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ጋሼ ሸጧታል።

«ደህና ወዳጅ አለሽ» አለ አሻጋሪው እየሳቀ። «ዛሬ የመንግሥት መሐንዲስ ትመጣለች። ኪዩቦቹን ሰብረሽ ትፈርሚያለሽ። ከዚያ ሾፌሬ ይሸኝሻል።»

ሾፌሩ የሸኘው ሰው ሲመለስ ታይቶ አያውቅም።

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ምሰሶ ሲሞላ ከዚያው ኮንክሪት ኪዩቦች ይቀረጻሉ፤ በሃያ ስምንተኛው ቀን መሐንዲሷ ባለችበት ማሽን ይጫናቸዋል። አሻጋሪው ምሰሶውን በአሸዋ እየሞላ ኪዩቦቹን ጓሮ ውስጥ በደህና ሲሚንቶ ያስቀርጻል። ማገርም በሙሌቱ ቀን ከእውነተኛው ኮንክሪት የራሷን ቀርጻ ደብቃ ነበር። ለጋሼ እንኳ አልነገረችውም። ለወንድሟ በቀል ነበር ያስቀመጠቻቸው። ትናንት ያ «አርፈሽ ተቀመጪ» ሲከነክናት ሥራ መውጫ ላይ ከጓሮዎቹ ጋር ለዋወጠቻቸው።

አሁን ማሽኑ አጓራ። አሻጋሪው እጁን አጣምሮ ቆሟል፤ መሐንዲሷ የግፊት መለኪያውን መርፌ ታያለች።

መርፌው ገና ንቅንቅ ሲል ኪዩቡ እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረሰ።

ሁለተኛው። ሦስተኛው።

የአሻጋሪው ፊት ደም መሰለ። «እነዚህ እኛ ያዘጋጀናቸው አይደሉም።»



መሐንዲሷ መነጽሯን አወለቀች። «ኪዩብ ከምሰሶው ይወሰዳል እንጂ ይዘጋጃል እንዴ?»

 መሐንዲሷ አጅበዋት መጥተው በሩ ላይ የቆሙትን ሁለት ፖሊሶች ጠራች። እጁን ሲይዙት ማገር ጆሮው ሥር ደረሰች።

«በመጀመሪያው ድልድይህ ወንድሜን ገደልከው።»

«የትኛውን?» አላት። የምሩን ነበር፤ አያስታውስም።

አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል ብላ ስንት ዓመት ጠብቃ ነበር። የጠጣው ግማሹን ነው።

ነጭ ጋውኗን አውልቃ በጓሮ በር ወጣች። ለሽፋኗ ስትል ስምንት ወር የሐሰት ውጤት ፈርማለች። ሰላይ መሆኗን የሚመሰክርላት ጋሼ ብቻ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ከመሰከረ ራሱ ይታሰራል።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮው ባለቤቱ መታሰሩን፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ እየተፈለገች መሆኑን ተናገረ። ዜናውን እናቷም ቤት ሆነው እየሰሙ ይሆናል። የወንድሟ ገዳይ ዘንድ ተቀጠረች ብለው ካኮረፏት ስምንት ወራቸው ነው።

አጠገቧ የተቀመጡት ባልቴት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከሁሉም የከፋችው እሷ ናት። ሰው እንደሚያልቅ እያወቀች መፈረም።»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ» አለች ማገር።

ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳ ከሰው ጋር ተቀላቀለች።