የሃርንደን ቤት ንቦች መርዶ

የሃርንደን ቤት ጌታ ሰር ኦብሪ በቁርስ ሰዓት ከደረጃው ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ከበላያቸው የሦስት ሕፃናት ሥዕል ተሰቅሏል። በአገሩ ልማድ የቤቱ ጌታ ሲሞት ከደሙ የሆነ ሰው ወዲያው ቀፎውን አንኳኩቶ ለንቦቹ መርዶ ይነግራል፣ ጥቁር ጨርቅም ያስርበታል፤ አለዚያ ንቦቹ ጥለው ይሄዳሉ፣ ሞትም ቤቱን ይጎበኛል ይባላል። ከመቶ ዓመት በፊት የቤቱ ጌታ በሌሊት ሲሞት ቤተሰቡ ለንቦቹ መርዶ መንገሩን ለነገ አቆየው። ሲነጋ ቀፎዎቹ ባዶ ነበሩ፤ ሦስቱ ልጆችም ዓመት ሳይሞላ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ የልጅ ኮቴ ያልሰማ የቤቱ ሰው የለም።

መርማሪ ፕሌጀር በመናፍስት አያምንም። ሆኖም ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞር ብሎ አየ፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው!

«ገዳዩማ ይኸውላችሁ!» አለ የሟች ሚስት ወንድም ልጅ ላዮኔል፣ ጣቱን ወደ አትክልተኛው ቀስሮ። «ቤቱ ለአፍራሾች ሊሸጥ ነው ሲባል ትናንት ሲሰድባቸው ሁላችን ሰምተናል። አንተ ሽማግሌ፣ ገመዱ ይጠብቅሃል!»

«ጮኼአለሁ፣ አልክድም» አለ አትክልተኛው ጄበዝ። «አርባ ዓመት የቆፈርኩት መሬት ነው። ግን ሰው አልገፋሁም፣ ጌታዬ።»

ፕሌጀር ያውቃል፤ ሌላ ማስረጃ ካልተገኘ ይህ ሰው መሰቀሉ ነው።

የሟች እህት ሚስ ኦኖሪያ ከመስኮቱ አጠገብ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «የደረጃው ልጆች ናቸው የወሰዱት» አሉ በቀስታ።

ፕሌጀር ጄበዝን አስከትሎ ወደ አትክልቱ ወጣ። ቀፎዎቹ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል፤ ዙሪያው ጭጭ ብሏል። ጨርቁን ሲጨብጠው ውሃው ተንጠፈጠፈ።

«ዝናቡ መቼ አባራ፣ ጄበዝ?»

«ጎህ ሳይቀድ። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም።»

«ንቦቹን አንተ አረዳሃቸው?»

«እኔ? ምን በወጣኝ! የቤቱ ደም የሌለበት ቢነግራቸው መቼ ይሰማሉ?»

ላዮኔልን ሲጠይቀው ደግሞ «የምን ጨርቅ?» ብሎ ሳቀበት።

ፕሌጀር ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። «አስከሬኑ የተገኘው በቁርስ ሰዓት ነው። ጨርቁ ግን የሌሊቱን ዝናብ ጠጥቷል። ያሰረው ሰው ማንም ሳይሰማ ሞቱን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ላዮኔል የጋብቻ ዘመድ ነው፤ ልማዱንም አያውቅም። ጄበዝ ባዕድ ነው። የቤቱ ደም ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ሚስ ኦኖሪያ።»

ደረጃው ሲጥጥ አለ። ማንም ቀና አላለም።

«አትሽጠው ብዬ ለመንኩት» አሉ ኦኖሪያ። «ሳቀብኝ። ገፋሁት። ወዲያው በዝናቡ ወጥቼ ለንቦቹ ነገርኳቸው።»

«ለንቦቹ ለመንገር እስኪነጋ ቢጠብቁ ኖሮ እኮ አላገኝዎትም ነበር!» አለ ፕሌጀር።

«ከመቶ ዓመት በፊትም ቤተሰባችን እስኪነጋ ጠብቆ ነበር። ልጆቹን ይዩዋቸው።»

ኦኖሪያ ተይዘው ሲወጡ በር ላይ ቆሙ። «ጄበዝ፣ መሄዴን ለንቦቹ ማን ይነግርልኛል?»

ጄበዝ ሊያሰቅሉት የነበሩትን ሴት ረጅም ጊዜ አያቸው። «እኔ እነግራቸዋለሁ፣ እመቤቴ» አለ። «ባይሰሙኝም።»

ወጥቶ ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ጆሮውን ለጠፈ፤ እንደገና አንኳኳ። ከዚያ ክዳኑን አነሳው።

አንዲት ንብ እንኳ አልነበረችም።