ደወሉና የአንድ ሰዓት ተራ

ደወሉ ሲጮህ የቀጮ እናት ገና የግቢውን በር አልዘጋችም ነበር።

«አቦ ሂጂ በቃ፣ እኔ አለሁ!» አለች ቀጮ በመስኮት ብቅ ብላ።

እናቷ አንድ እግሯን ውጭ፣ አንድ እግሯን ውስጥ አድርጋ ቆመች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ደወል በጮኸ ቁጥር ስትሮጥ ኖራ፣ ዛሬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተራመጂ ቢሏት እግሯ እንቢ አላት።

«ከባሰ ደውዪልኝ። ስልኬን የጤና ጣቢያው መዝጋቢ ትይዝልኛለች።»

«አይብስም። ደግሞ ተራሽ እንዳያልፍሽ!»

ተራው ቀልድ አልነበረም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ በጎ ፈቃደኛ የማሳጅ ባለሙያዎች በጤና ጣቢያው አዳራሽ አልጋ ዘርግተው፣ ቤታቸው ውስጥ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሰዎችን በነፃ ያሻሉ። ለአንድ አስታማሚ አንድ ሰዓት ነው። እናቷ ተመዝግባ አራት ወር ጠብቃለች። ሕጉም አንድ ነው፤ መሀል ላይ ተጠርቶ የተነሣ ሰው አልጋውን ለሚቀጥለው ለቆ ይሄዳል፣ ከፈለገም እንደገና ተመዝግቦ አራት ወር ይጠብቃል።

በሩ ተዘጋ። ደወሉ እንደገና ጮኸ።

ደወሉ የአያቷ ነው። የአባቷ እናት ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ የናስ ደወል ሸለሟቸው። ምን ነው ጋቢና ብርድ ልብስ ቢሸልሟቸው ኖሮ! ከአራት ዓመት በኋላ ስትሮክ መጥቶ ግራ ጎናቸውን ሲወስድ ምላሳቸውን ረስቶት ሄደ፤ ቀኝ እጃቸውንም ከነደወሉ ተወላቸው። ቀጮ ደወሉ ሲጮህ የጆሮ ማዳመጫዋን መሰካት ልማዷ ነው። ፈተና አለብኝ ትላለች፤ ፈተና ሳይኖርባትም ትላለች። ዛሬ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አልተቻለም።

«አቤት እማማ!»

«ሄደች?» አሉ አያቷ ጣሪያውን እያዩ። «ትሂድ። ባሏ አገር ላገር መኪና ይነዳል፣ እሷ ባዕድ ጀርባዋን እንዲያሻት ትሄዳለች።»

«የሚያሹት ሴቶች ናቸው እማማ። ጀርባዋንም ያመማት እርስዎን ስታነሣ ነው።»

«መልስ መስጠት ተማርሽ። ውሃ አምጪ።»

ቀጮ ውሃ በብርጭቆ አመጣች። አያቷ ተቀበሏት፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፤ ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያዩ ብርጭቆውን ቀስ ብለው አንሶላው ላይ ዘቀዘቁት። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

«ፈሰሰ» አሉ። «እናትሽን ጥሪያት። አንቺ እንኳን ሰው ትራስ አታነሺም።»

ቀጮ የቀጮነት ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም እናቷ ስታደርግ አይታለች፤ ጉልበት ሸብረክ፣ አንድ እጅ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌ ላይ፣ ከዚያ ወደ ራስ ማዞር። ሞከረችው። አያቷ ሆን ብለው ሰውነታቸውን ለቀቁት፤ እንደ እህል ጆንያ ከበዱ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ዞሩ። ርጥቡ አንሶላ ወጣ፣ ደረቁ ገባ። ከወገቧ እስከ ማጅራቷ የሆነ ነገር ሲወጠር ተሰማት፤ እንባዋም ያለ ፈቃዷ ወረደ። እናቷ ይሄንን በቀን አምስት ጊዜ ነው የምታደርገው፤ ቀጮ ደግሞ በጓዳው ግድግዳ ማዶ ሙዚቃ ትሰማ ነበር።

«አለቀሰች! ያውልሽ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ። ጥሪያት አልኩሽ!»

ደወሉ ማቆሚያ አጣ። ቀጮ አቅቷት ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«ሄሎ» አለች መዝጋቢዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አዎ፣ እናትሽ አሁን ገና ነው አልጋ ላይ የወጣችው። ላስነሣት እንዴ? ከተነሣች ግን ተራዋ ያልፋል።»

ከመዝጋቢዋ ድምፅ ጀርባ አንድ ሰው ይንሰቀሰቃል።

«ማን ነው የሚያለቅሰው?»

«እሷው ናት የኔ ቆንጆ። አትደንግጪ፤ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ገና እጅ ሲያርፍባቸው ያለቅሳሉ። ምን ልበላት?»

ቀጮ እናቷ ስታለቅስ ሰምታ አታውቅም። አባቷ ለሁለት ወር ሲጠፋም፣ አያቷ የወጡን ሳህን ግድግዳ ላይ ሲወረውሩም አልሰማችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ምንም። አታስነሷት። ስንት ሰዓት እንደምትጨርስ ለማወቅ ነው።»

ስልኩን ስትዘጋ አያቷ ይሳለቁ ነበር። «አትመጣም አይደል? አትመለስም እኮ። እኔ ብሆን አልመለስም።»

ያኔ የቀጮ ደም ፈላ። ደወሉን ከእጃቸው መንጭቃ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ እያዩት የማይደርሱበት ቦታ።

«አሁን ይደውሉ እስቲ! ማን እንደሚመጣልዎ እናያለን። ልጅዎ ራሱ ሩቅ መስመር የመረጠው እርስዎን ላለማየት ነው!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ይሄኛው ግን አምልጧት አይደለም። እንዲያማቸው ፈልጋ ነው የተናገረችው፣ ሲያማቸውም አየች። አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆይተው ሲገልጡት ግን በሚታዘዘው በግማሽ አፋቸው ፈገግ አሉ።

«ጎበዝ» አሉ። «አሁን ገና የእኔ ልጅ ሆንሽ።»

ከስድቡ ሁሉ ይሄ ምርቃት ባሰ። ቀጮ ወንበር ላይ ወጥታ ደወሉን አወረደችው። በአያቷ ቀኝ መዳፍ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይደውሉ» አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

እሳቸውም ደወሉ። ደከም ሲላቸው እያረፉ፣ ሲበረቱ እየደወሉ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ። ቀጮ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ኪሷ ውስጥ ትታ፣ አንድም ሳይቀር ሰማችው።

እናቷ ስትገባ ቀጮ መጀመሪያ አላወቀቻትም። አንገት አላት! ትከሻዋ ወርዶ አንገቷ ረዘመ፤ እየተራመደች ነው እንጂ እየሮጠች አይደለም። ፊቷ በለቅሶው ቢያብጥም ትስቃለች።

«ምን አለችኝ መሰለሽ ባለሙያዋ? ‹እህቴ፣ ትከሻሽን ማን ጆሮሽ ላይ ሰቀለው?› አለችኝ። የት ነው የሚያምሽ ስትለኝ መልሱ ጠፋኝ እኮ!» የቀጠሮ ካርድ አሳየቻት። «አንዴ ተራው የደረሰው ሰው ሦስት ወር በተከታታይ ይታሻል። መዝጋቢዋ ለሚቀጥለውም ወር ጽፋልኛለች። ደህና ዋላችሁ እትዬ?»

«ልጅሽ መታችኝ» አሉ አያቷ።

ቀጮ የእናቷን ትከሻ ነበር የምታየው። መጀመሪያ ቀኙ፣ ከዚያ ግራው፣ ቀስ እያለ ወደ ጆሮዋ ወጣ። አንገቷ ጠፋ። የአንድ ሰዓት እጅ የፈታውን ሁለት ቃል መልሶ ቋጠረው።

«እውነት ነው?» አለች እናቷ።

«አልመታኋቸውም። ደወሉን ቀምቼያቸው ነበር፤ መለስኩላቸው። ክፉ ነገርም ተናግሬያቸዋለሁ። እሱ እውነት ነው።»

እናቷ ባልዲው ውስጥ የተዘፈዘፈውን አንሶላ አየች፣ ወገቧን የያዘውን የልጇን እጅ አየች። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«በቃ። ከእንግዲህ አልሄድም» አለችና ፎጣዋን አገልድማ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው የሳህን ድምፅ ተሰማ።

አያቷ አሁንም በግማሽ አፋቸው ፈገግ ብለዋል።

ቀጮ ካርዱን አነሣችው። ቀኑን አነበበች፤ የሒሳብ ፈተናዋ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከአያቷ አልጋ ትይዩ፣ የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበት ሚስማር አለ። ካርዱን በስታ እዚያው ላይ ሰቀለችው፤ አያቷ በተኙበት በደንብ እንዲታያቸውም አስተካከለችው።

ደወሉ ጮኸ። ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ አንቺ ተቀመጪ!» አለች ቀጮ ወደ ጓዳው። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች። «አቤት እማማ። ምን ፈለጉ?»