የእሜቴ አሟሟት

«ሬሳው የት ነው?» አለች መርማሪዋ ጓንቷን እያጠለቀች።

የቤቱ ባለቤት መስታወት ቆራጩ ወደ ጠረጴዛው ጠቆማት። ጎንበስ ብላ ከሥሩ ፈለገች። ሰፈሩ «ጠጠር ላይ ዱካ ታነባለች» የሚላት ሴት ያገኘችው አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር።

«ላዩ ላይ ነው፣ እህቴ። ሳጥኑ ውስጥ።»

በስልክ «እሜቴ ሞተችብን፤ ሰው ነው የገደላት» ሲላት አንዲት አሮጊት መስላት ነበር ደረጃውን እየዘለለች የወጣችው። እሜቴ ግን መዳፍ የምታህል ጸጉራም ሸረሪት ነበረች። መርማሪዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የሰውየውን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። ሸረሪቷን ያሳደጋት ባለፈው ክረምት ታሞ የሞተው ወንድ ልጁ ነው። ከልጁ ነፍስ ያለው ነገር የቀረው እሷ ብቻ ነበረች።

«ገዳይዋን አውቃታለሁ» አለ። «ልጄ ናት። ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› ስትል ነው የኖረችው። ዛሬውኑ ከቤቴ ትውጣልኝ።»

ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ልጅቱም አጠገቡ። እናትየው በሟች ልጇ ሹራብ ተጠቅልላ ጥግ ይዛለች።

መርማሪዋ ሳጥኑን አየች። እሜቴ ሽቅብ መውጣት ስለምትወድ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል፤ ውስጡ የዛፍ ቅርፊት ቆሞላታል። መቀርቀሪያው በደንብ ተዘግቷል። እሜቴ ሆዷ ፈንድቶ፣ እግሮቿን ሰብስባ፣ ጥጥ ላይ ተኝታለች። ከሳጥኑ ጎን የተቀመጠው ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ አቧራ ለብሷል።

ሦስቱንም ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፦ ሟች ሳጥኑን ሲያጸዳ እሜቴን እንዴት ነበር የሚያወጣት?

አባት ተረከላት። ልጁ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ እሜቴ እንደ ጥይት ስለምትፈተለክ ኩባያውን ይደፋባታል፤ ከሥሯ ካርቶን ያሾልካል። ከከፍታ ብትወድቅ ሆዷ ይፈነዳል እያለ በጣቱ እንኳ ነክቷት አያውቅም። ልጅቱም ይህንኑ ደገመች። እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን በሩን ዘግታ ከሥሩ ፎጣ የምትወትፈው እሷ ነበረች።

«በእጁ ነዋ» አለች እናት። «እንደ ጫጩት አቅፎ። በቁልፉ ቀዳዳ ከጀርባው አየው ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳጥኑ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«የሚጠላት ሰው ለሬሳዋ ጥጥ አያነጥፍም» አለች። «ይህን ያደረገው የሚሳሳላት ነው። ኩባያው ላይ ያለው አቧራ አልተነካም፤ ስለዚህ የወጣችው በእጅ ነው። ጋሼ፣ እርስዎና ልጅዎ ያለ ኩባያ የሳጥኑን በር አትከፍቱትም። በእጅ ትወጣለች ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ የሹራቡ እጅጌ ላይ ድር አለ።»

እናት እጅጌዋን አየች። ድሩን አላራገፈችውም።

«ቆሜ ነበር» አለች። «ክንዴን ይዛ ሽቅብ ሮጠች። ደንግጬ ሳራግፋት ወደቀች። ከዚያ አፌ ታሰረ። ‹ልጄን ሁለተኛ ገደልሽው› ይለኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ለምን አወጣሻት?» አለ ባሏ።

«የሱን እጅ የምታውቅ መስሎኝ።» ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። «ምን ኩባያ ነው የምትሉት?»

መርማሪዋ ኩባያውን አንሥታ አሳየቻት። ከጀርባ ሆኖ ለሚያይ ግልጽ ኩባያ አይታይም።

አባትየው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ከነድሩ ያዘ። ከዚያ ተነሣ፤ ሻንጣውን ከኮሪደሩ አንሥቶ ወደ ልጅቱ ክፍል መለሰው። ደፍሮ ሊያያት አልቻለም።

«እኔ አይደለሁም አትዪም ነበር?»

«ብያለሁ፣ አባዬ» አለች። «ስምንት እግር ስለሌለኝ አልሰማኸኝም።»