«ኖር» ባለች ቁጥር የወደቀች ልጅ

በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ጎርፍ ድሬዳዋን ከመታት ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ መሐል የቤት ቆርቆሮና ያልተጣመረ ጫማ ይታይ ነበር። የምድር ባቡሩ መካኒክ አቶ ሀብተ ማርያም በዚያ ውሃ ተወስደዋል፤ ልጃቸውን ሶፊን ግን ጎረቤታቸው የሆኑት እናት አዴ ላዳን ሻርፓቸውን ወርውረው አውጥተዋታል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንቢ ስላላት፣ ሶፊ ማታ ማታ የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት። እንቅልፉ መጣ፤ ሌላ መከራም ተከትሎ መጣ። አዴ ላዳን ማለዳ ወተት ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ሶፊ እንደ አስተዳደጓ ብድግ ብላ «ኖር!» ትላለች፤ ወዲያው ዓይኗ ይጨልማል፤ ትወድቃለች። በመጡ ቁጥር እንዲሁ ነው።

እናቷ ጥሩወርቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ በቡዳ አላምንም ትል ነበር። አሁን ግን የምታምነውም የማታምነውም ተደባለቀባት፤ ውሃው የተወላትን ልጅ የሰው ዓይን ሊወስድባት ነውና አንድ ማለዳ ደጁ ላይ ቆመች።

«አዴ፣ እንዳይቀየሙኝ፤ ለጊዜው አይምጡብን።»

«ምን አደረግሁ አቦ?»

«እርስዎ ሲገቡ ልጄ ትወድቃለች።»

«ወላሂ፣ ልጥላት ብዬ ነው እንዴ ከውሃ ያወጣኋት?» አሉና ወተቱን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ጥሩወርቅ በሩን ዘጋች።

በማግስቱ መርዶ እንደሚጠብቃት እርግጠኛ ሆና ልጇን ሐኪም ቤት ወሰደች። ሽማግሌው ዶክተር ዐብዲናሲር ሲገቡ ሶፊ ከአግዳሚው ተነሥታ «ኖር!» አለች፤ እግራቸው ሥር ተዘረረች።

«ወይኔ! እርስዎም ዓይን አለዎት?» አለች ጥሩወርቅ።

«ሚስቴ አለህ ትለኛለች» ብለው ሶፊን አስተኙ፤ የደም ግፊቷን ለኩ፤ አቁመው ደግመው ለኩ፤ አሽቆልቁሏል።

«ስንነሣ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ አንጎል ወዲያው ኬሚካል መልእክተኞቹን ይልካል፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊቱም ይመለሳል። ይህ ክኒን ለእንቅልፏ ቢበጅም፣ መልእክተኞቹ ሲደርሱ የደም ሥሮቹን በር ይዘጋባቸዋል። እለውጥላታለሁ፤ እስከዚያ ለማንም ብድግ አትበል።»

ጥሩወርቅ ግማሹ አልገባትም፤ ለእንቅልፍ የተዋጠ ክኒን ደም ሥር ውስጥ ምን አገባው? የበሩ ነገር ግን ገባት።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ አዴ ላዳን ዘንድ ሄዳ ዶክተሩ ያሉትን እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሁሉን ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ወተቱን ጠጣችው?»

«ፈራሁ፤ ደፋሁት።»

በማግስቱ ማለዳ ግን አዴ ላዳን ወተት ይዘው መጡ፤ ሶፊ አንገቷን ደፍታ እንደተቀመጠች ቀረች፤ በእሷ ፈንታ እናቷ ተነሥታ «ኖር!» አለች።

«ተቀመጪ፤ አንቺ ደግሞ እንዳትወድቂብኝ» አሉ አዴ ላዳን፤ ወተቱን ግን ለእናቲቱ አልሰጧትም፤ ሶፊን በእጇ አስያዟት።

የዚያ ዘመን መዝገብ ሙታንን ቆጠረ፤ የፈረሱ ቤቶችንም ጻፈ፤ ከጎርፉ በኋላ በማን ፊት የትኛው በር እንደተዘጋ ግን የጻፈ የለም።