ለሳኟና ዝም ያለው አናጢ

ግድግዳ ለሳኟ ወደ አንድ የማኅበር ግቢ የደረሰችው ብስክሌቷን በእግሯ እየገታች ነበር። ቁልቁለቱ መሃል ላይ የፍሬኑ ሽቦ ተበጥሶባት፣ የቀረውን መንገድ ጫማዋን ከአስፋልቱ ጋር እያፋጨች ወረደችው። በሩ ጋ ስትቆም የሶሏ ግማሽ የለም። ጣሪያ ላይ ሚስማር በጥርሱ ነክሶ የተቀመጠ አናጢ ቁልቁል አያትና ሳቁን ለማፈን ሲታገል ሚስማሩን ሊውጠው ምንም አልቀረው።

«ያስቃል?» አለችው።

«አያስቅም» አለ ሚስማሩን መዳፉ ላይ እየተፋ። «ግን ጫማሽ እየጨሰ ነው።»

ጎንበስ ብላ አየች። እውነቱን ነበር። ሳታስበው ሳቀች። ቁጣዋን የሚያውቁ ሰዎች ቢያዩዋት ኖሮ አያምኑም ነበር።

ኑሮዋ መንገድ ላይ ከሆነ ሰነባብቷል። በጭቃ፣ በጭድና በእንጨት ቤት እየሠሩ በማኅበር የሚኖሩ ሰዎች እዚህም እዚያም አሉ፤ እሷ ከአንዱ ወደ ሌላው በብስክሌት ትሄዳለች። ድንኳኗና ቅያሪ ልብሷ ከኋላዋ ይታሰራሉ። የደረሰችበት ግቢ ግድግዳ ትለስናለች፣ እነሱ ያበሏታል፣ ያሳድሯታል፤ ሥራው ሲያልቅ ትነሳለች። ነዳጅ የለ፣ ትኬት የለ። እናቷ በስልክ «የሰው ልጅ ከጭቃ ቤት ወጥቶ ብሎኬት ቤት ይገባል፣ የኔዋ ከብሎኬት ወጥታ ጭቃ ውስጥ ገባች» እያሉ ያዝናሉ። እሷ ግን ተመችቷታል።

የዚህኛው ማኅበር መሥራች የአናጢው ታላቅ ወንድም ነው። አስተማሪ የነበረ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ ሰው። «እዚህ የኔ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የሁላችን ነው» ማለት ይወዳል።

መሬቱ ግን የእማማ ነበር። እማማ ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የቀሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው። መሬታቸውን ለማኅበሩ ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደረጃ የሌለው፣ ፀሐይ የሚገባው ክፍል። እስኪሠራላቸው ድረስ ቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ፣ ከእህል ጆንያና ከአካፋ ጋር ያድራሉ። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ የስብሰባ አዳራሽ ሠርቷል፣ ወጥ ቤት ሠርቷል፣ ለመሥራቹም ሁለት መስኮት ያለው የሥራ ክፍል ሠርቷል።

«እስካሁን መጋዘን ውስጥ?» አለች ለሳኟ ስትሰማ።

«ሁልጊዜ የሚቀድም ሥራ ይመጣል» አለ አናጢው አንገቱን ደፍቶ።

«ከነገ ጀምሮ አይቀድምም።»

ሁለቱ ተያይዘው ጀመሩት። እሱ ቋሚውን ይተክላል፣ ማገሩን ይመታል፤ እሷ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ትረግጣለች። እማማ በርጩማቸውን ጥላው ስር አስወጥተው ያዛሉ። «መስኮቱን ዝቅ አድርገው ልጄ። እኔ ተቀምጬ ነው የማየው፣ ቆሜ አይደለም» ይሉታል። እሱም ዝቅ ያደርጋል።

አናጢው ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ለሳኟ ትዕግስቷ አለቀና «ቃል በኮታ ነው እንዴ የሚሰጥህ?» አለችው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የሚያወራልኝ» አለ። ወላጆቻቸው አከታትለው ሲሞቱ ታላቁ ወንድሙ ትምህርቱን አቋርጦ እንዳሳደገው ነገራት። ይህን ሲነግራት ዓይኖቹ በኩራት ያበሩ ነበር። ለሳኟም መሥራቹን ለጥቂት ጊዜ ወደደችው።

ልስኑ ሲጀመር እሷ በመዳፏ፣ ክብ በክብ፣ ግድግዳውን ታለሰልሳለች። እሱ በሩን እየላገ ቆይቶ መላጊያውን ያቆማል። ዝምታው ሲሰማት ዞር ትላለች፤ እሱ ወደ እንጨቱ ያቀረቅራል። አንዴ ጉንጯ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ሊጠርግላት በእጅጌው ዳበሳት፣ ጭቃው እስከ ጆሮዋ ደረሰ።

«አባስከው እኮ።»

«አውቄ ነው» አለ። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።

ሊጨርሱ ሲቃረቡ ጠየቃት። «ሥራው ሲያልቅ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ልማዴ ነው።»

«ልማድ አይለቅም?»

መዳፏ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ፣ ጭቃው ከስሩ እስኪሞቅ ድረስ።

ክፍሉ አልቆ ሲደርቅ የማር መልክ ያዘ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባበት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ማኅበሩን ለማየት ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች በሩ ላይ ቆመው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። መሥራቹም መጣ፣ ግድግዳውን ዳበሰ፣ መስኮቱን ከፍቶ ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ ስብሰባ ጠራ።

«ይህ ክፍል ከጠበቅነው በላይ ሆኗል» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «የማኅበራችን ፊት ነው። ለመማር የሚመጡ እንግዶች ቢያርፉበት ለሁላችን ይበጃል። እማማን አነጋግሬያቸዋለሁ፤ መጋዘኑን ተላምደውታል።»

እማማ ከኋላ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ቀና አላሉም።

ለሳኟ ደሟ ፈላ። ተነስታ ቆመች። «መጋዘን ሰው አይለምደውም፣ ይችለዋል እንጂ። አፍንጫቸውን አይጥ እየረገጠው ያደሩት ለእንግዳችሁ ማረፊያ ነው? መሬታቸውን በላችሁ፣ አሁን ደግሞ ክፍላቸውን ልትበሉ ነው። ሁሉም የሁላችን ነው ስትሉ እሳቸው ‹ሁላችን› ውስጥ የሉበትም?»

መሥራቹ አልተቆጣም። ይህ ይበልጥ አንገበገባት። «እህቴ፣ ልፋትሽን እናከብራለን። ግን አንቺ መንገደኛ ነሽ። ይህ የነዋሪ ጉዳይ ነው።»

ለሳኟ ወደ አናጢው ዞረች። «አንተ ነዋሪ ነህ። ተናገር።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ሄደ። አናጢው ወንድሙን አየ፤ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የገዛ እጆቹን ሲያይ ቆየ። ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው እጅ ክፍሉ ለእንግዶች ይሁን ብሎ ወጣ፤ የእሱ ለየትኛውም ወገን አልወጣም።

ዕቃዋን ጠቅልላ ብስክሌቷ ላይ ስታስር በሩ ድረስ ተከተላት።

«አሳድጎኛል» አለ።

«አንተን አሳደገ ተብሎ እሳቸው መጋዘን ውስጥ ይሙቱ?» አለችው። «እሱ ውሸት ሲናገር ቢያንስ ድምፁን አሰምቷል። አንተ እሱንም አላደረግክም።» ዳግመኛ ዞር ብላ አላየችውም።

የሚቀጥለው ግቢ የአንድ ሙሉ ቀን ጉዞ ነው። ዳገቱን ስትወጣ አለቀሰች፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ ተሳደበች። እዚያም ደርሳ ሥራ ጀመረች፤ ጭቃውን ስትረግጥ ያያት የግቢው ዳቦ ጋጋሪ ግን «ልጄ፣ ጭቃው ምን በደለሽ?» አላት። ስለ እማማ ተናደደች፣ በመሥራቹ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ የዚያን ዝምተኛ ሰው እጅ ጉንጯ ላይ ስለሚሰማት በራሷ ተናደደች።

ሳምንት ሳይሞላ አናጢው በሩ ላይ ብቅ አለ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ክርኑ ተልጧል፣ የተዋሰው ብስክሌት መሪ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ለሳኟ ብስክሌት ነድቶ እንደማያውቅ ታውቃለች።

«ተምረህ ነው የመጣኸው?»

«እየመጣሁ ነው የተማርኩት።»

ሊያስቃት ምንም አልቀረውም፤ ከንፈሯን ነከሰች። «ይቅርታ ልትለምነኝ ከሆነ ድካምህ ከንቱ ነው።»

«ልለምንሽ አይደለም» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ትናንት ጠዋት እማማን ክፍላቸው አስገባኋቸው። አልጋቸውን ተሸክሜ። ጋሼ ከተማ ሄዶ ነበር። ነገ እንግዶች ይዞ ይመለሳል፣ ያስወጣቸዋል። ብቻዬን ፊቱ ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ስለዚህ ልጠራሽ መጣሁ።»

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ። ዝም አልኩ። ምክንያት አልሰጥሽም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊት ለፊት አያት። «ግን አንቺም ሄድሽ። እኔ ዝም አልኩ፣ አንቺ ሄድሽ፤ እማማ ያው መጋዘን ውስጥ ቀሩ። ሁለታችንም ነን የተውናቸው።»

ለሳኟ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ግን ያለው እውነት ነበር። እግሯን ታጠበች፣ የእሱን ብስክሌት መሪ በጉልበቷ ይዛ አቀናችለት፣ «ብስክሌቱ ላይ ውጣ» አለችው። «ዳገት ላይ አልጠብቅህም።»

ዳገቱ ሁሉ ላይ ጠበቀችው። ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው የብስክሌቱ ካቴና ወለቀ፤ ስትመልስለት እጃቸው ቅባት ውስጥ ተነካካ፣ ሁለቱም አላነሱም። «ስትሄጂ የክፍሉን በር ነቅዬ ላቃጥለው ነበር» አላት። «እማማ ከለከሉኝ። ‹በሩ ምን አደረገ? አንተ ነህ ያልተከፈትከው› አሉኝ።»

ሲደርሱ መሥራቹ ቀድሟቸዋል። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ ከኋላው ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት እንግዶች፣ ዙሪያውን ነዋሪዎች። እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ ያያሉ።

«የተፈጠረው አለመግባባት ነው» እያለ ነበር መሥራቹ። «እማማ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።»

ለሳኟ ወደፊት ልትወጣ ስትል አናጢው ክንዷን ያዝ አደረጋት። ከፊቷ አለፈ። ጉልበቱ እየደማ ነበር።

«ቦታቸው ይሄ ነው ጋሼ። ክፍሉን ለእሳቸው ነው የሠራነው። የቆምክበትም መሬት የእሳቸው ነው።»

መሥራቹ ገረጣ። «በእንግዳ ፊት? አንተ? ጉሮሮዬን ዘግቼ ያሳደግኩህ?»

«አሳድገኸኛል። አልረሳውም። ግን ተሳስተሃል፤ እኔም ዝም በማለቴ ተሳስቼ ነበር።»

ያኔ እማማ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ግቡ ልጆቼ» አሉ እንግዶቹን። «እንግዳ አልጠላም። አልጋው ግን አንድ ነው፣ እሱም የኔ ነው።»

ሚስትየው ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠችና ለመሥራቹ «እንዲህ መሆኑን አልነገርከንም» አለችው። ከነዋሪዎቹ መካከል ያን ቀን ለእንግዶች ይሁን ብላ እጇን ያወጣች አንዲት ሴት መጋዘን ገብታ የእማማን የቀረ ዕቃ ይዛ መጣች። ከኋላዋ ሌላው ተከተለ። ማንም ድምፅ አልቆጠረም።

መሥራቹ በወንድሙ አጠገብ ሲያልፍ «ወንድም የለኝም» ብሎ ሄደ። በወሩ ግቢውን ለቆ ወጣ።

አናጢው ግድግዳው ስር ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ለሳኟ አጠገቡ ተቀመጠች። ማባበል አትችልበትም፤ ትከሻዋን ሰጠችው።

«አሁን ትሄጃለሽ?» አላት ቆይቶ።

«እሄዳለሁ። ግን ነድተህ ልትከተለኝ ነው፣ ወይስ እየወደቅክ?»

እማማ እስኪሞቱ ድረስ ሁለቱ ክረምት ክረምቱን ወደ እሳቸው ግቢ እየተመለሱ አሳለፉ፣ በጋውን በሁለት ብስክሌት ከግቢ ግቢ እየዞሩ፣ እሷ እየለሰነች፣ እሱ በርና መስኮት እየገጠመ። ተጋብተዋል። ታላቁ ወንድም ለሠርጉም ተጠርቶ አልመጣም፤ ዛሬም አናጢውን አያነጋግረውም። ለሳኟ ይህን ስታነሳ አሁንም ድምፏ ይሻክራል፣ የጀመረችው ልስን ይበላሽባታል።

አናጢው ግን አይሸሸውም። ሰው ሲጠይቀው «ያሳደገኝ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ» ይላል። «አንዲት አሮጊትም በድሏል።» ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ሲናገር በሰማችው ቁጥር፣ ለሳኟ ጭቃ በጭቃ በሆነ እጇ እጁን ትይዛለች።